የአደይ አበባ ፎቶ፦ ቢጫው ዝርግ ይሆንብኛል፣ ነፋሱም አስቸግሮኛል

የጠባሴ ልጅ
መስከረም 8፣ ከምሽቱ 2፡15

ጤና ይስጥልኝ፤ እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገራችሁ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ሰሞኑን ከከተማው ወጣ ሲሉ ዳገቱም የእርሻ ድንበሩም በአደይ አበባ ተሸፍኗል። ይህን ወር ዓመቱን ሙሉ እናፍቀዋለሁ፤ ፎቶው ግን በዓይኔ ያየሁትን አይመስልም። ያስቸገሩኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው፣ አበባው ዝርግ ቢጫ ሆኖ ይወጣል፤ በቅጠሎቹ ላይ ያሉት ስስ መስመሮች አይታዩም፣ ብርሃንና ጥላቸውም ይጠፋል። ሁለተኛው ነፋሱ ነው። የእኛን ሜዳ ነፋስ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ከማነሣቸው ፎቶዎች ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥቂቱ ነው።

ካሜራዬ ካኖን ነው፤ አብሮት የመጣው 18-55 ሚሊ ሜትር ሌንስ አለኝ። ከጓደኛዬ ደግሞ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ተውሻለሁ። እስካሁን የምጠቀመው የአበባ ምልክት ያለበትን ሞድ ነው። ማክሮ ሌንስ (በጣም ተጠግቶ ለማንሣት የተሠራ ሌንስ) ለመግዛት ገንዘብ ማጠራቀም ልጀምር ወይስ ባለኝ ይሠራል? አበባው ሳይረግፍ ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።


ሞላሌ
መስከረም 8፣ ከምሽቱ 2፡40

ትራይፖድ ግዛ። ሁሉም ችግር ያበቃል።


የደብረ ሲና ፎቶ አንሺ
መስከረም 8፣ ከምሽቱ 4፡05

ወንድሜ ሞላሌ፣ ትራይፖድ ካሜራውን ይይዛል፤ አበባውን ማን ይይዘዋል? የነፋሱን ነገር ለሌሎች ልተወውና ስለ ቢጫው ልናገር፤ ብዙ ሰው ሲቸገርበት አያለሁና።

መጀመሪያ የአበባ ምልክት ካለበት ሞድ ውጣ። እዚያ ላይ ሁሉንም የሚወስነው ካሜራው ነው፤ ብርሃን ያነሰ ሲመስለው ፍላሹን ሳይቀር ያስፈነጥራል። ፊት ለፊት የመጣ ፍላሽ ደግሞ አበባን ዝርግ ከሚያደርጉ ነገሮች ዋነኛው ነው።

ካሜራ ብርሃን ሲለካ ከፊቱ ያለውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣ ይሞክራል። አንድ አደይ አበባ በጥቁር አረንጓዴ ሣር መካከል ለብቻው ቆሞ ከሆነ፣ የክፈፉ አብዛኛው ክፍል ጨለማ ነው። ካሜራው ጨለማውን ላብራ ሲል አበባውን ያቃጥለዋል። ስለዚህ የኤክስፖዠር ማስተካከያውን፣ ማለትም የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን፣ በሁለት ሦስተኛ ስቶፕ ወይም በአንድ ስቶፕ ዝቅ አድርገው፤ አንድ ስቶፕ ዝቅ ማለት ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ ነው። ይህ ግን የሁልጊዜ ሕግ አይደለም። ዳገቱ በሙሉ ቢጫ ሆኖ ክፈፉን ሲሞላው ነገሩ ይገለበጣል፤ ካሜራው ብሩሁን ሜዳ አይቶ ያጨልመዋል፣ ያን ጊዜ በግማሽ ስቶፕ ወይም በአንድ ከፍ ማድረግ ነው። ነጭ የቀጋ አበባን ከቅርብ ስታነሣም እንደዚሁ ነው። ክፈፉን የሞላው ምን እንደሆነ ተመልከትና ወስን።

ከዚህ የሚከብደው የቀለሙ ጉዳይ ነው። ሰንሰሩ፣ ማለትም በካሜራው ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው ክፍል፣ ቀይን፣ አረንጓዴንና ሰማያዊን ለየብቻ ይቀበላል። ቢጫ ማለት ለካሜራው ቀዩና አረንጓዴው ሞልተው ሰማያዊው ባዶ የቀረበት ቦታ ነው። የተለመደው ነጩ ሂስቶግራም (ከጨለማ በግራ እስከ ብሩህ በቀኝ የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየው ሥዕል) ሦስቱን አዋህዶ ስለሚያሳይ፣ ቀዩ ከጫፍ አልፎ ሳለ ጠቅላላው ደህና መስሎ ይታያል። ያነሣኸውን ፎቶ ከፍተህ ኢንፎ የሚለውን ቁልፍ እየደጋገምክ ብትጫን የሦስቱን ቀለማት ሂስቶግራም ለየብቻ ያወጣልሃል። ቀዩ በቀኝ በኩል ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ካየኸው፣ የጠፉብህ መስመሮች የጠፉት እዚያ ነው። ከዚያ በኋላ በኮምፒውተር ብትለፋም አይመለሱም። ብርሃኑን ቀንሰህ ድገመው።

ሌላም አለ፤ የካሜራው የቀለም ምርጫ ደማቁ ላይ ከሆነ ቢጫውን የበለጠ ያጋግለዋል። ኒውትራል ላይ አድርገው። በስክሪኑ ላይ ቀዝቀዝ ያለ ቢመስልህም ሂስቶግራሙ ከእውነቱ የሚቀርበው ያን ጊዜ ነው። በሮው፣ ማለትም ካሜራው ባላቀናበረው ጥሬ ፋይል፣ ማንሣት ከቻልክ አንሣ፤ የቀለሙን ድምቀት ቤት ገብተህ በልክ ትመልሰዋለህ።

ሰዓቱን ደግሞ አትናቀው። በእኛ አገር በመስከረም ፀሐይ ከምሥራቅ ተነሥታ ሽቅብ ነው የምትወጣው፤ በሰዓት 15 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ በአበባው ጎን የሚገባው ለስላሳ ብርሃን፣ 3 ሰዓት ሲሆን ከላይ ወርዶ ቅጠሎቹን ደረቅ ያደርጋቸዋል። ማልዶ መውጣት ካልተቻለ ነጠላ ያዝ። አንድ ሰው ነጠላውን በአበባውና በፀሐይዋ መካከል ዘርግቶ ቢይዝልህ፣ ያ ስስ ሸማ ብርሃኑን አጣርቶ ለስላሳ ያደርገዋል። በደንበኛ ዋጋ የሚሸጥ የብርሃን ማለስለሻ ጨርቅም ሥራው ይኸው ነው። ጥለቱ ግን ብርሃኑ በሚያልፍበት በኩል እንዳይሆን፤ ቀለሙ አበባው ላይ ያርፋል።


እጽዋት ወዳድ
መስከረም 9፣ ከጠዋቱ 1፡30

የደብረ ሲናው ወንድማችን ስለ ብርሃኑ በደንብ ተናግሯል። እኔ ስለ አበባው ራሱ ልጨምር፤ ፎከሱ የት ላይ መሆን እንዳለበት የሚወስነው አበባው ስለሆነ።

አደይ አበባን አንድ አበባ እንለዋለን እንጂ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ነው። በዙሪያው ያሉት ሰፋፊ ቢጫ ቅጠሎች እያንዳንዳቸው ለየራሳቸው አንድ አበባ ናቸው፤ መካከል ላይ ያለው ክብ ደግሞ በደርዘን የሚቆጠሩ ትንንሽ ቱቦ መሰል አበቦች የታጨቁበት ነው። እነዚህ የሚከፈቱት ከዳር ወደ መካከል ነው። ከቅርብ ሲታዩ ዳር ያሉት ብናኝ ተሸክመው፣ መካከል ያሉት ገና እንደ ተዘጉ ናቸው። ንብ የምትሠራውም እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ ፎከስህን በቢጫው ቅጠል ጫፍ ላይ አታባክነው፤ መካከሉ ጥርት ካለ ዓይን ቅጠሉ ትንሽ ቢለሰልስም ይቀበለዋል። መካከሉ ከደበዘዘ ግን ቅጠሉ ቢጠራም ፎቶው አይድንም።

ሰዓትን በተመለከተ ሁሉም አበባ አንድ አይደለም። ተልባ የተዘራበት ማሳ በአቅራቢያህ ካለ ጠዋት ሂድ። ሰማያዊው አበባ ጠዋት ይፈካል፣ ቀትር ሲያልፍ የአበባ ቅጠሉን ያራግፋል፤ ከሰዓት በኋላ የሄደ ሰው የሚያገኘው አረንጓዴ ማሳ ነው። ባለማሳውን ማስፈቀድ እንዳትረሳ፤ ዳር ላይ ቆመህም ቢሆን ጥሩ ፎቶ ይገኛል። አዝመራ ረግጦ የተነሣ ፎቶ ምንም ያህል ቢያምር እኔ ማየት አልፈልግም።

አገርህም ደብረ ብርሃን ስለሆነ አንድ ነገር ልጠቁምህ። በሳይንሳዊ ስሙ አሎ ደብራና የሚባል የእሬት ዓይነት አለ፤ ደብራና የተባለው በደብረ ብርሃን ስም ነው፤ የሚበቅለውም በኢትዮጵያ ብቻ ነው። ቀይ አበባው በቅርንጫፍ ላይ ተሰብስቦ ይወጣል። የእኛው ከተማ ስም በዓለም የእጽዋት መዝገብ ላይ የሰፈረበት ተክል ነውና ካሜራ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ጥሩ ፎቶ ቢኖረው ደስ ይለኛል። ያ ቀይ ደግሞ ከላይ የተነገረውን የቀይ ሂስቶግራም ጉዳይ በደንብ ይፈትናል።


ሞላሌ
መስከረም 9፣ ከጠዋቱ 3፡10

ነፋሱ ካስቸገረ አበባውን ቆርጦ ቤት ማስገባት ነው። በመስኮት አጠገብ በብርጭቆ ውኃ አስቀምጦ ተረጋግቶ ማንሣት ይቻላል። ከዚህ የሚቀል የለም።


የመንዝ መምህር
መስከረም 9፣ ከጠዋቱ 5፡00

ልጄ ሞላሌ፣ ይህን ሐሳብ በከፊል እቀበለዋለሁ፣ በከፊል ደግሞ አጥብቄ እቃወመዋለሁ። አደይን ልጆች ለእንቁጣጣሽ ይቀጥፉታል፣ ቤት ይጎዘጎዛል፣ በመስቀል ደመራ ላይ ይታሰራል። ከመንገድ ዳር አንድ ዘለላ ወስደህ በመስኮት ብርሃን ብታነሣ የሚቆጣህ የለም፤ የመስኮት ብርሃንም መልካም ብርሃን ነው።

ነገር ግን ይህ ልማድ ሆኖ ወደ ጓሳ እንዳይወጣ። ጓሳን የመንዝ ሕዝብ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ባህላዊ ሥርዓት ሲጠብቀው የኖረ ቦታ ነው። ሣሩ የሚታጨድበትና ከብት የሚገባበት ጊዜ በሽማግሌዎች ይወሰን ነበር፤ ዛሬም የማኅበረሰቡ ጥብቅ ቦታ ነው። እዚያ ያለ ተክል በቦታው ይነሣ። ለተሻለ ፎቶ ብሎ ከፊት ያለውን ሣር የሚነጭ፣ ጦስኙን በጉልበቱ የሚደፈጥጥ ጎብኚ አይቻለሁ፤ በጣም ያሳዝናል። ከአበባው ፊት የቆመ አንድ ሰርዶ ካስቸገረህ በእጅህ ገለል አድርገህ ያዘው፣ ስትጨርስ ልቀቀው።


የተርማበር መንገደኛ
መስከረም 9፣ ከቀኑ 8፡20

ጋሽ መምህር እውነትዎን ነው።

አሁን ወደ ነፋሱ። እኔ ከተርማበር እስከ መሐል ሜዳ ባለው ከፍታ ላይ ነው ብዙውን ጊዜ የማነሣው፤ እዚያ ጭጋጉም ነፋሱም ሳያስጠነቅቅ ይመጣል። የማምንበት ይህ ነው፦ በእኛ ደጋ አስቀድሞ የሚወሰነው የሹተር ፍጥነት፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ ነው። አብዛኞቹ የአበባ ፎቶ ትምህርቶች ከአፐርቸር ይጀምራሉ (በኤፍ ቁጥር የሚለካው የሌንሱ ቀዳዳ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)፤ አፐርቸሩን ምረጥ፣ ጀርባውን አደብዝዝ ይሉሃል። ነፋስ በሌለበት የጓሮ አትክልት ያ ትክክል ነው። እዚህ ግን በ1/60 ሰከንድ የተነሣ አበባ ጀርባው ቢያምር ምን ይጠቅማል? ትራይፖድም ሆነ በሌንሱ ውስጥ ያለው የእጅ መንቀጥቀጥ መከላከያ ለሚወዛወዝ ግንድ ምንም አያደርጉም።

ቲቪ የሚለውን፣ ፍጥነቱን አንተ የምትወስንበትን ሞድ ምረጥ፣ ፍጥነቱን 1/500 ላይ አስቀምጥ፣ ከዚያ በአይ ኤስ ኦ፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ባለው ስሜት፣ ተጫወት። ጥርት ባለ ፀሐይ አይ ኤስ ኦ 200 ይበቃሃል። ደመና ከሆነ 800 አድርገው፣ ተርማበር ላይ እንደሚወርደው ያለ ወፍራም ጭጋግ ሲመጣ 1600። በእነዚህ ቁጥሮች ካሜራው የሚመርጠው አፐርቸር አብዛኛውን ጊዜ ከኤፍ 5.6 እስከ ኤፍ 11 ባለው ውስጥ ይወድቃል፤ ለአበባ የምንፈልገውም እርሱን ነው። ብዙ ሰው አይ ኤስ ኦ 1600ን ይፈራል። በፎቶው ላይ የሚመጣውን ብጥብጥ በኮምፒውተር መቀነስ ይቻላል፤ በመወዛወዝ የደበዘዘውን ግን የሚመልስ የለም።

ቀጥሎ አቋቋም። አበባው በነፋስ ወደ አንተ እየመጣ ከአንተ እየራቀ ከሆነ ፈጣን ሹተርም አያድንህም፤ ከፎከሱ ይወጣል። ስለዚህ ነፋሱ ከግራ ወደ ቀኝ ወይም ከቀኝ ወደ ግራ በፊትህ እንዲያልፍ ሆነህ ቁም። ያን ጊዜ አበባው ወደ ጎን ይወዛወዛል፣ ከሌንሱ ያለው ርቀት ግን ብዙ አይለወጥም፤ 1/500 ደግሞ የጎኑን እንቅስቃሴ ያቆመዋል። ይህን አንድ ነገር ብቻ ብታደርግ ጥርት ብለው የሚወጡት ፎቶዎችህ ቁጥር ይጨምራል።

ነፋስ ደግሞ ያለማቋረጥ አይነፍስም፤ ይገፋል፣ ይተነፍሳል። የተወዛወዘ ግንድ አቅጣጫውን ሲቀይር ለቅጽበት ይቆማል። ካሜራውን በተከታታይ ማንሻ ላይ አድርገህ ያቺን ቅጽበት ጠብቅ። ጃንጥላም ይዘህ ሂድ፤ መሬት ላይ በነፋሱ በኩል አጋድመህ ብታስቀምጠው ለአጫጭር አበቦች ጥሩ መከታ ነው። ቀጭን እንጨት መሬት ላይ ተክለህ፣ ግንዱን ከክፈፉ በታች በልብስ መቆንጠጫ ላላ አድርጎ ማስደገፍም ይቻላል፤ ተክሉ አይጎዳም።


የጠባሴ ልጅ
መስከረም 9፣ ከምሽቱ 1፡45

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ይህን ያህል አልጠበቅሁም። ዛሬ ከሥራ መልስ 1/500 ላይ አድርጌ ነፋሱን በጎን ይዤ ሞከርሁ፤ ልዩነቱ ወዲያው ታየኝ። የሌንሱ ጥያቄ ግን እንዳለ ነው። በ50ው ኤፍ 1.8 ሳነሣ ጀርባው ደስ ይላል፣ አበባው ግን አንድ ቅጠል ጠርቶ ሌላው ይደበዝዛል። ተጠግቼ ላንሣ ስልም ፎከስ እምቢ ይላል።


የደብረ ሲና ፎቶ አንሺ
መስከረም 9፣ ከምሽቱ 3፡30

ያለህ 18-55 ከ50ው የበለጠ ይጠጋል፤ ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። 18-55ቱን 55 ላይ አድርገህ ከሰንሰሩ እስከ 25 ሳንቲ ሜትር መቅረብ ትችላለህ፤ አበባው በሰንሰሩ ላይ ከእውነተኛ መጠኑ አንድ ሦስተኛ ያህል ሆኖ ያርፋል። 50 ኤፍ 1.8 ግን 35 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ላይ ይቆማል፤ አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ። ርቀቱ የሚለካው ከሌንሱ አፍ ሳይሆን ከሰንሰሩ መሆኑን ልብ በል።

ስለ ጥርት ማለቱ ደግሞ ቁጥሩን ልንገርህ። 50ውን በቅርቡ ርቀት ላይ ኤፍ 1.8 ከፍተህ ስታነሣ ጥርት ብሎ የሚወጣው ውፍረት 2 ሚሊ ሜትር አይሞላም። በ18-55 ተጠግተህ ኤፍ 8 ላይ ብታነሣ 4 ሚሊ ሜትር ሊጠጋ ይችላል፣ ኤፍ 11 ላይ 5 ገደማ ይሆናል። አደይ አበባ ሲፈካ ጠፍጣፋ ስለሆነ፣ የካሜራውን ጀርባ ከአበባው ፊት ጋር ትይዩ ካደረግህ ይህ ውፍረት ይበቃዋል። አዘንብለህ ካነሣህ ኤፍ 16ም አይበቃህ። ኤፍ 22 ድረስ መዝጋት ደግሞ አይመከርም፤ ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚበተን ፎቶው በአጠቃላይ ይለሰልሳል።

ጀርባውን ለማደብዘዝ አፐርቸር ብቻ አይደለም መንገዱ። ከአበባው በስተኋላ ያለው ነገር ራቅ ያለ ይሁን። ዝቅ ብለህ፣ በአበባው ቁመት ልክ ሆነህ፣ ከኋላው ገደሉ ወይም የሩቁ ተራራ እንዲመጣ አድርገህ ብታነሣ በኤፍ 8 እንኳ ጀርባው ልስልስ ይላል። የእኛ አገር ለዚህ የተሠራ ነው፤ ከአንኮበር እስከ ደብረ ሲና ባለው አፋፍ ላይ አንድ አበባ ፊት ለፊትህ ካደረግህ፣ ከኋላው እስከ ቆላው ድረስ ባዶ አየር ነው።

ማክሮ ሌንስ አሁን አትግዛ። ከዚያ በፊት ማራዘሚያ ቀለበት ሞክር፤ በካሜራውና በሌንሱ መካከል የሚገባ ውስጡ ባዶ ቱቦ ነው። 25 ሚሊ ሜትር ቱቦ በ50ው ሌንስ ላይ ስታስገባ ግማሽ መጠን ያህል ማጉላት ይጨምርልሃል፤ የቱቦውን ርዝመት ለሌንሱ ርዝመት ማካፈል ነው ስሌቱ። ብርሃን ከአንድ ስቶፕ በላይ ይቀንሳል። ስትገዛ የኤሌክትሪክ መገናኛ ነጥቦች ያሉትን ምረጥ፤ የሌለው ርካሽ ነው፣ ግን አፐርቸሩን መቆጣጠር አትችልም።


ስልክ ብቻ
መስከረም 10፣ ከጠዋቱ 2፡00

ካሜራ የሌለን ሰዎችስ? እኔ ባቄላ ማሳ አጠገብ ነው የምኖረው፤ ያ ነጭ አበባ ከነጥቁር ነጠብጣቡ በጣም ያምራል። በስልክ ስጠጋው ግን ስልኩ በራሱ ሌንስ ይቀይርና ፎቶው ይበላሻል።


እጽዋት ወዳድ
መስከረም 10፣ ከጠዋቱ 2፡50

እህቴም ሁኚ ወንድሜ፣ አትጠጋ ነው መልሱ። ብዙ ስልኮች ሲቀርቡ ወደ ሰፊው ሌንስ ይሸጋገራሉ፤ የስልኩ ጥላም አበባው ላይ ያርፋል። ሁለት እርምጃ ያህል ራቅ በሉና ሁለት እጥፍ ወይም ሦስት እጥፍ የሚለውን ሌንስ ተጠቀሙ። በስክሪኑ ላይ አበባውን ተጭናችሁ ቆዩ፤ ፎከሱና ብርሃኑ ይቆለፋል። ከዚያ የብርሃኑን ምልክት ትንሽ ወደ ታች ሳቡት፤ ነጩ የባቄላ አበባ ላይ ያሉት ስስ መስመሮች የሚወጡት ያን ጊዜ ነው። የሰው ፎቶ የሚባለውን ጀርባ የሚያደበዝዝ ሞድ ለአበባ አልመክርም፤ የቅጠሎቹን ጫፍ ከጀርባው ጋር አብሮ ይቆርጠዋል። የስልኩን ሌንስም በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት።


የመንዝ መምህር
መስከረም 10፣ ከቀኑ 6፡15

ጦስኝን እንዴት እንደምታነሡት ጠይቄ ልሂድ። አበባው ከሩዝ ፍሬ ብዙም አይበልጥም፣ መሬት ላይ ተነጥፎ ነው የሚበቅለው፤ እኔ ደግሞ ጉልበቴ እንደ ድሮው አይታዘዝም። ጅብራውንም ልጨምር፤ ጓሳ ላይ ከሰው ቁመት በላይ የሆነውን።


የተርማበር መንገደኛ
መስከረም 10፣ ከቀኑ 9፡40

ጋሼ፣ ለጦስኙ ማዳበሪያ ከረጢት ያንጥፉ፤ ከጠዋቱ ጤዛም ያድንዎታል። ከዚያ ትንሽ የጨርቅ ከረጢት በባቄላ ሞልተው መሬት ላይ ያስቀምጡና ካሜራውን እላዩ ላይ ያሳርፉት፤ ከየትኛውም ትራይፖድ ዝቅ ይላል፣ አይንቀጠቀጥምም። ካሜራዎ የሚታጠፍ ስክሪን ካለው መተኛት ሳያስፈልግዎት ተቀምጠው ከላይ ሊያዩት ይችላሉ። ከረጢቱን የሚያነጥፉበት ቦታ ራሱ ጦስኝ የሌለበት ይሁን። ለአንዱ ትንሽ አበባ ከመጨነቅ የዘለላውን ስብስብ ያንሡ፤ ኤፍ 11 አድርገው፣ ከሁሉም ወደ እርስዎ የቀረበውን አበባ ፎከስ ያድርጉ። ጥላ ውስጥ ከሆነ በእኛ ከፍታ ላይ ጥላው ሰማያዊ ያዘለ ነው፣ ወይንጠጅ ሐምራዊውን ያበላሸዋል፤ ዋይት ባላንሱን (የቀለም ሚዛኑን) ከአውቶማቲክ አውጥተው የጥላ ምልክት ላይ ያድርጉት።

ጅብራ ሌላ ሥራ ነው። ዕድሜውን አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፣ ካበበ በኋላ ይደርቃል፤ ስለዚህ ያበበ ሲያገኙ ጊዜ ይስጡት። ሌንሱን 18 ላይ፣ አፐርቸሩን ኤፍ 8 ላይ አድርገው ፎከሱን ወደ ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ካስቀመጡት፣ ከአንድ ሜትር ጥቂት አለፍ ካለው ጀምሮ እስከ ሩቁ ተራራ ሁሉም ይጠራል። ተክሉን ከነሜዳው ለማሳየት ይህ ይበቃል። አበቦቹ በዘንጉ ላይ በቅጠሎች መካከል ተደብቀው ስላሉ ከቅርብም ያንሡ። የአበባ ወፎች ማር ፍለጋ ይመጡበታል፤ ወፏን ከፈለጉ ግን 1/1000 ወይም ከዚያ በላይ፣ ከረዘመ ሌንስ ጋር።

አንድ ነገር ለሁላችሁም፤ ከጓሳ ብርድ ወጥታችሁ ሙቅ ቤት ወይም መኪና ስትገቡ ካሜራውን ከመግባታችሁ በፊት በፌስታል አጥብቃችሁ ቋጥሩት። ጤዛው በፌስታሉ ላይ ይሆናል፣ ሌንሱ ላይ አይሆንም። ካሜራው የቤቱን ሙቀት እስኪላመድ ሳትፈቱት ቆዩ። ትርፍ ባትሪ ደግሞ በውስጥ ኪስ፣ ከሰውነት ተጠግቶ ይቀመጥ፤ ብርድ ቶሎ ያዳክመዋል።


የጠባሴ ልጅ
መስከረም 10፣ ከምሽቱ 2፡30

የቀዩን ሂስቶግራም አገኘሁት፤ እውነትም እዚያ ጫፍ ላይ ተለጥፏል። ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ በጠራ ሰማይ ከሆነ አይ ኤስ ኦ 200 ላይ ልጀምር ወይስ ፀሐይዋ ዝቅ ያለች ስለሆነች ከፍ ላድርገው?


የተርማበር መንገደኛ
መስከረም 10፣ ከምሽቱ 2፡55

400 ላይ ጀምር። ካሜራው ከኤፍ 5.6 በታች ከከፈተ ወደ 800 ውጣ፤ ፀሐይዋ ከፍ ስትል ወደ 200 መልሰው።